እርጥብ ሳር የያዘው እንግዳ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለዘመድኩን ደበሌ፤ ካለህበት ደርባን ከተማ

ወንድሜ ዘሜ፣ የጌታ ሰላም ከደጃፍህ ጀምሮ እስከ ጓዳህ ድረስ ይሙላ። እንደምን ከረምክ? በመስከረም የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍህ ያስነሳሃል? ዝንጅብል በማር እያልኩ የነገርኩህን አደረግከው ወይስ «እሺ እትዬ» ብለህ በዚያው ረሳኸው? ሄራንስ እንዴት ናት? ከወለደች ወዲህ ያስቸግራት የነበረው ወገቧ ተሻላት ወይ? ያቺ የኔ እናት፣ ትንሿ ጸዳለስ አፏን ፈታች? በምን ቋንቋ ነው የፈታችው፣ በጋሞኛ ነው፣ በእናቷ በወላይትኛ ነው ወይስ በዚያው በሰዉ አገር አፍ? በየትኛውም ይሁን፣ «አክስቴ» ማለትን ቀድማ ካልተማረች ጥፋቱ የአንተ ነው።

እኛ እዚህ ጌታ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ዝናቡ ዘንድሮ ሳይቆርጥ ቆየ፤ ማንጎው አበባውን አራግፎብናል፣ ሙዙ ግን ደህና ነው። ሁሉ ደህና ነው ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ደህና ያልሆነ አንድ ነገር አለ። እሱን በቦታው እነግርሃለሁ። አትደንግጥ፣ እየዘለልክም ወደ ታች አታንብብ። ልማድህን አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ዘመን አንተ ድምፅ ስትልክ እኔ ድምፅ ስልክ ኖረን፣ ዛሬ ወረቀት ማየትህ ሳይገርምህ አይቀርም። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፤ ጣቴ ከዓሣ ቢላዋ ሌላ መያዝ ረስቷል። ያዘዙኝ ግን አባባ ናቸው። «በስልክ የተሰበረ በስልክ አይጠገንም፤ ጻፊለት» አሉኝ። አዎ፣ አባባ። ለአንተ ጻፊለት አሉኝ። እስቲ አሁን ውሃ ጠጣና ተቀመጥ።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሰሊሆም ናት፤ ያቺ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ከፊት የምትቆመው፣ ባሏ እናንተ ከተማ ያለው። ሐሙስ ትበርራለች። በፖስታው ውስጥ ሦስት ፎቶዎች አሉ፤ ሲቀላ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት ነው ያሳተምኳቸው። በጀርባቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። እኔ እይ ስልህ እይ፤ ከዚያ በፊት ብታይ እኔን አይደለም የምታስቀይመው፣ ደብዳቤውን ነው የምታበላሸው።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት መግቢያ በላክህልኝ ድምፅ ነው። ያን ቀን ሐይቅ ዳር ካለችው የዓሣ ቤቴ ተመልሼ፣ ግቢ ቁጭ ብዬ ለእራት ቆሮሶ ዓሣ እየበለትኩ ነበር። እጄ እስከ ክርኑ ቅርፊት ስለነበር ልጄን ኢየሩስን «ክፈቺልኝ» አልኳት። እሷ ደግሞ ስልኩን እስከ መጨረሻው አስጮኸችው። አባባ በረንዳው ላይ መኖራቸውን ሁለታችንም ረስተናል። ድምፅህ ግቢውን ሞላው። «እትዬ፣ እንግዳው መጣ ወይ?» ብለህ ሳቅክ። ሌላ ምንም አልነበረበትም። እኛ ግን ደርቀን ቀረን። በዚያ ግቢ ስምህ ከተነሳ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ «አይነሳብኝ» ብለው ነበራ። አባባ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። እራትም አልበሉ።

በሁለተኛው ቀን የሀለኮ ቅጠል በዳጣ አቅርቤላቸው ሳለ፣ ቀና ሳይሉ «መጥቷል በይው» አሉኝ። እንዳላወቅኩ ሆኜ «ማን?» አልኳቸው። «እንግዳው ነዋ! ከመስቀል በኋላ መጥቷል በይው። እሱ መቼ ያምንሻል፤ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ባለርስቱንም አንሺ። ማን እንደሚበረታ በዓይኑ ይይ» አሉኝ። እኔ የምበላውን ጉርሻ በእጄ ይዤ ቀረሁ።

ሄራን አብራህ ታነበው ይሆናልና እሷም ግራ እንዳይገባት ላስረዳት። ሄራንዬ፣ በጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያድኑ ሁለት ትልልቅ ወፎች አሉ። አንደኛው ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነ ንስር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሐይቁ ዳር ዛፍ አይለይም፤ አማትሽ «ባለርስቱ» ይሉታል። ሁለተኛው ከሱ ያንሳል፣ በዓይኑ ላይ ኩል የመሰለ ጥቁር መስመር አለው። ከመስቀል በኋላ ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ከፋሲካ በፊት ይሄዳል። እሱን «እንግዳው» እንለዋለን። አባባ አርባ ዓመት ዓሣ ያጠመዱ ሰው ናቸው፤ ወገንተኝነታቸው ለባለርስቱ ነው። ባልሽ ደግሞ አፉን ከፈታ ጀምሮ ለእንግዳው ነው። በየእራቱ እንደ ኳስ ደጋፊ ይከራከሩ ነበር። ነፍሷን ይማርና እናታችን «ወፎቹ ራሳቸው ይህን ያህል አልተጣሉም፤ በሉ ብሉ» ትል ነበር።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። አባባ ሐይቅ ላይ እያሉ፣ ሳትሰናበት ሳትመረቅ ወደ ሰው አገር ሄድክ። እኔ ይገባኛል ዘሜ፤ ፊታቸውን ካየህ እግርህ እንደማይነሳ ስለምታውቅ ነው። እሳቸው ግን «ልጄ ከቤቴ እንደ ሌባ ወጣ» አሉ። ከሞያሌ በደወልክ ጊዜ ያሉህን ቆሜ ሰምቻለሁ፤ «በሰው ውሃ የበረታ እንግዳ አላየሁም፤ ሐይቁ የባለርስቱ ነው።» አንተም አላነስክም። «እንግዳው ጠልቆ የሚያወጣውን ባለርስቱ አይደፍረውም» አልክና ዘጋህ። የእራት ጨዋታ የነበረው በዚያ ቀን መርዝ ሆነ። ሰው በመሬት ይጣላል፣ በከብት ይጣላል፤ እናንተ በሁለት ወፍ ስድስት ዓመት ተኮራረፋችሁ።

አሁን ያ ደህና ያልሆነው ነገር። አባባ ዓይናቸው እየሄደ ነው። የቀኙ ጨርሶ ጨልሟል። ለማንም ሳይተነፍሱ በአንዱ ብቻ ይኖሩ ነበር። ያወቅነው ኢሳያስ ሰላም ሊላቸው በቀኝ በኩል እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሳያዩት ሲቀሩ ነው። ባሌ እንደምታውቀው ቶሎ የሚከፋው ሰው ነው፤ መጀመሪያ ተቀየሙኝ ብሎ ነበር። ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም። በግራው የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን፣ ግን ዘግይታችኋል» አለን። ጠዋትና ማታ ጠብታውን የማደርግላቸው እኔ ነኝ። ግራው አሁን በወንፊት ቀዳዳ እንደማየት ነው ይላሉ። ሳልነግርህ የቆየሁት «ለዓይኔ አዝኖ እንዲደውልልኝ አልፈልግም» ብለው ስላስጠነቀቁኝ ነው። አሁን ንገሪው ስላሉኝ ነገርኩህ።

እናም ፎቶ አንሺ ሲሉኝ፣ ይህች የቀረችው ዓይን ሳትዘጋ ማየት የሚፈልጉት ወፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

በስልኬ ሞከርኩ። ንስሩ የሩዝ ፍሬ አክሎ ወጣ። ከዚያ የኋላውን ክፍል ለተከራየችን ለኖላዊት ነገርኳት። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ወፍ ታስተምራለች። ሌንሱ ክንድ የሚያህል ካሜራ አላት። «እኔ አነሳላችኋለሁ» ብትል አባባ እምቢ አሉ። «የቤተሰብ ነገር ነው፤ ወርቂቱ ታንሳው፣ አንቺ አስተምሪያት» አሏት። ለእኔ ደግሞ መመሪያ ሰጡኝ፤ «ፊቱን አታንሺ፤ ቁንጅናውን አልጠየቅኩም። ጥፍሩንና የያዘውን አንሺ። ዓሣ የሚያድን ጉልበቱ ጥፍሩ ላይ ነው።»

በጀልባ የወሰደን ጓደኛህ አቡበከር ነው። አሁን የራሱ ሞተር ጀልባ አለው፤ ቱሪስት አዞዎቹ ፀሐይ ወደሚሞቁበት ወደ አዞ ገበያ ያመላልሳል። ማልደን ስንደርስ ካሜራውን አንገቴ ላይ አይቶ «ወርቂቱ፣ ዓሣ መበለት ሰልችቶሽ ጋዜጠኛ ሆንሽ?» አለኝ። «አዎ፣ መጀመሪያ የምጽፈው ስለ አንተ ቦርጭ ነው» አልኩት። የመጀመሪያው ቀን ግን ውርደት ነበር። ስድሳ ፎቶ አንስቼ ስናየው ሰማይ አለበት፣ ውሃ አለበት፣ የአቡበከር ጆሮ አለበት፣ የራሴ አውራ ጣት አለበት። ግንድ መስሎኝ ጀልባውን አስጠግቼ ያነሳሁት ግንድ ደግሞ አፉን ከፈተ። ኖላዊት ሳቋን ማፈን እያቃታት «እትዬ፣ ከመጫንሽ በፊት ትንፋሽሽን ያዢ» አለችኝ። ትንፋሽ መያዝ ለእኔ? ሃያ ዓመት መዘምራን ውስጥ የቆምኩ ሰው ነኝ። ችግሩ ንስሩን ሳየው አፌን መክፈቴ ነው።

አሁን አንድ የሚለውን ፎቶ አውጣ።

ባለርስቱ ነው። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ከሾላው ዛፍ ተነሳ፣ ውሃውን ዳሰስ አደረገና በጥፍሩ አንድ ትልቅ ዓሣ ነጠቀ። ግን መነሳት አልቻለም፣ ከበደው። የለቀቀ መሰለህ? አልለቀቀም። ደረቱን ውሃው ላይ አስተኝቶ፣ ክንፎቹን እንደ መቅዘፊያ አድርጎ እስከ ዳርቻው ድረስ ቀዘፈ። ክንፉን እየው፣ አባባ በወጣትነታቸው ታንኳውን ሲያመጡ አይመስልም? ኖላዊት «ይህ ንስር ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው፤ ዓሣው ከራሱ ብዙም አያንስም» አለች። ዳር ደርሶ ዓሣውን ድንጋይ ላይ ጎትቶ ሲያወጣ ሦስታችንም አጨበጨብን።

ሁለት የሚለውን አውጣ። ይኼ ደግሞ ያንተው ነው። እንዴት እንደሚያድን ረስተህ እንደሆን ላስታውስህ። ከፍ ብሎ ባንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ይቆማል፤ ከዚያ እግሩን አስቀድሞ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ዳሰስ የለም፣ ሁለመናው ነው የሚገባው። ጠፋ፣ አለቀለት ስትል ይወጣል። አየር ላይ እንዳለ እንደ ረጠበ ውሻ ይራገፋል። ዓሣውን ተመልከት፤ ራሱን ወደፊት፣ ጅራቱን ወደኋላ አድርጎ ነው የያዘው። ኖላዊት ነፋሱ እንዳይይዘው ነው አለች። አቡበከር ግን «መንገደኛ ሻንጣውን እንዲህ ነው የሚያስተካክለው» አለ። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። አንተን አስቦ እንደሆነ አውቄበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ በኖላዊት ኮምፒውተር ላይ አሳየናቸው። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው፣ ግራ ዓይናቸውን እንደ ዶሮ እያዟዟሩ ቁራጭ በቁራጭ ያያሉ። ባለርስቱን ሲያዩ ጉልበታቸውን መቱ። «አለመልቀቅ! ይኼ ነው ጉልበት!» አሉ። ኖላዊት መምህር አይደለች እንዴ፣ ዝም አትልም። «አባባ፣ እንግዳው እኮ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። የራሱን ግማሽ ተሸክሞ ነው የበረረው። ባለርስቱ ጎተተ እንጂ አልበረረም» አለቻቸው። «መጎተት የማይችል ነው መብረር የሚያበዛው» አሏት። «ከአውሮፓ ድረስ በረሃና ባሕር አቋርጦ መምጣቱስ?» ብትላቸው «መንገድ ጉልበት አይደለም ልጄ። አርፎ መቀመጥ ያቃተው ሁሉ ይሄዳል» አሏት። ማንን እንደወጉ ስለገባኝ ጠብታውን አድርጌላቸው ወጣሁ።

ሦስተኛው ቀን ባይመጣ ኖሮ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። እንግዳው ቆሮሶ ይዞ ወጣ። ገና ውሃውን እንኳ አራግፎ ሳይጨርስ ባለርስቱ እየጮኸ ወረደበት። አንዴ አመለጠው፣ ሁለቴ አመለጠው። በሦስተኛው ጥፍሩን ዘርግቶ ሲገለበጥበት እንግዳው ዓሣውን ለቀቀ። ባለርስቱም ውሃ ሳይደርስ አየር ላይ ቀለበው። ይህን ያነሳሁ እንዳይመስልህ። ካሜራው አንገቴ ላይ እያለ እኔ ጀልባው ላይ ቆሜ «ተው! ተው አንተ ቀማኛ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ጀልባው ተናወጠ፤ አቡበከር ቀሚሴን ይዞ ባይጎትተኝ የአዞ ቁርስ ሆኜ ነበር። እንግዳው እንግዲህ ሄደ አልኩ። አልሄደም። ዞሮ መጥቶ እዚያው የተቀማበት ውሃ ላይ ቆመ፣ ክንፉን አርገበገበ፣ እንደገና ገባ። ዓሣውን ግን ሳተው። ጥፍሩ የጨበጠው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ትንፋሼን ያዝኩና አነሳሁት። ሦስተኛው ፎቶ እሱ ነው፤ ገና አታውጣው።

ቤት ስንደርስ አቡበከር ቀድሞ ስለ ቅሚያው አወራላቸው። አባባ ሳቁ። ዘሜ፣ እንደዚያ ከሳቁ ስንት ዘመናቸው! «አላልኩም? ሐይቁ የባለርስቱ ነው! በጉልበቱ ወሰደ!» አሉ። ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ያፈንኩት ገነፈለ። ለአባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን አደረግኩ። «ሰው የደከመበትን መቀማት ነው ጉልበት? እንግዲያው ዘመድኩንን የቀሙትንም ጎበዞች ናቸው ይበሏቸዋ!» አልኳቸው። ስምህ ከአፌ ወጣ። አቡበከር ቀስ ብሎ ተነሳና ጀልባውን ላስር ብሎ ሄደ፤ ያሰረውን ጀልባ!

«ማን ቀማው?» አሉኝ። ያላልከኝን አንድም አልጨመርኩም። ሱቅህን ሁለት ጊዜ እንደዘረፉህ፣ በሁለተኛው ትከሻህን በብረት እንደመቱህ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሳምንቱ እዚያው ቦታ መልሰህ እንደከፈትክ ነገርኳቸው። «እዚያው?» አሉኝ። «እዚያው» አልኳቸው። «በተመታ ትከሻ?» አሉኝ። «በተመታ ትከሻ።» ከዚያ እንደ ዋዛ አድርገው «ሚስት አግብቷል ይሉኛል፣ እውነት ነው?» አሉ። ማን ነግሯቸው እንደሆነ እግዜር ይወቀው። «አግብቷል፣ ሴት ልጅም አለችው» አልኩ። «ማን አሏት?» አሉኝ። «ጸዳለ» አልኳቸው።

የእማዬን ስም ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ሦስተኛውን ፎቶ አሳዪኝ» አሉ።

አሁን አውጣው።

ተጠግተው አዩ፣ ዓይናቸውን አሹ፣ እንደገና አዩ። «ምን ይዟል?» አሉኝ። «ምንም አልያዘም አባባ። ዓሣውን ስቶ ሳር ይዞ ወጣ» አልኳቸው። «ምን ዓይነት ሳር?» «የሐይቁ ነዋ፤ እርጥብ ሳር» አልኩና ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። አባባም ሰሙት።

ሄራንዬ፣ በእናንተ በወላይታ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። በእኛ በጋሞ ግን ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ከመጣ ታረቁኝ ማለቱ ነው፤ የበደለም ይሁን የተበደለ፣ ፊት አይዞርበትም። ያዞረ ሰው ጎሜ ይገባል፤ ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አስታራቂ ሽማግሌዎች ሳሩን ይዘው ሲንበረከኩ ስንት የተማዘዘ ሰው ጦሩን ጥሏል።

ኖላዊት ይህን ከየት ታውቃለች? የፊታቸውን መለወጥ አይታ ደንግጣ፣ «አባባ፣ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ዓሣውን ሲስት ጥፍሩ ያገኘውን ይጨብጣል» ብላ ታስረዳቸው ጀመር። አባባ ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ አርባ ዓመት ዓሣ ስቻለሁ። በመረብ ሳር ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ይዞ መጥቷል። እኔም ጋሞ ነኝ» አሏት። ኖላዊት ወደ እኔ አየች፤ እኔ ግን በነጠላዬ ዓይኔን ሸፍኜ ነበር።

ፍርዳቸውንም ሰጥተዋል፤ ቃል በቃል ጻፊ ስላሉኝ እነሆ። «በጥፍር ባለርስቱ ይበልጣል፤ ይህን ለማንም አልሰጥም። በተቀሙበት ውሃ ተመልሶ መግባት ግን ሌላ ጉልበት ነው፤ ባለርስቱ በእሱ ተፈትኖ አያውቅም። እኔም ተፈትኜ አላውቅም።» ይህችን የመጨረሻዋን ዝቅ አድርገው ነው ያሏት። ይድገሙልኝ ብላቸው «ሰምተሻል፣ ጻፊ» አሉኝ።

ስለዚህ ዘሜ ልብ ብለህ አንብብ። ታኅሣሥ 12 እሑድ ነው፤ ኖላዊት በእናንተ አቆጣጠር ዲሴምበር ሃያ አንድ ይሆናል ብላለች። ከአምልኮ መልስ በእኛ ስምንት ሰዓት፣ በእናንተ ደግሞ ሰባት፣ የፈረንጆቹ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ሁለት ጊዜ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ፊትህ በሚታይበት ደውል። በስልኬ ሳይሆን በኖላዊት ትልቅ ኮምፒውተር እናይሃለን። እርጥብ ሳር በእጅህ ይዘህ ቅረብ። ከባሕሩ ዳር ነው ያለነው ትለኝ የለ፤ ሳር አጣሁ እንዳትለኝ። በየሱቁ ይሸጣል ያልከኝን የፕላስቲክ ሳር ይዘህ ብትቀርብማ እኔ ራሴ እዘጋብሃለሁ። ወደ መብራት ዞረህ ተቀመጥ፤ ሳሩንም ፊትህ አጠገብ አድርገው፣ በአንዲት ቀዳዳ ነው የሚያዩት። ጸዳለን ጭንህ ላይ አስቀምጣት፣ ሄራንም ትቅረብ። አባባ «መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ፤ አይቼ ነው የምመርቀው» ብለዋል። ዓይናቸው ሳትዘጋ የጎደላቸው ወፍ አልነበረም ዘሜ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።

ስለ ባለርስቱና ስለ እንግዳው ካነሱብህ ደግሞ እንዳትሸነፍላቸው። ክርክሩ ነው የናፈቃቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኖላዊት ባለርስቱ እናንተ አገርም አለ፣ ራሱ ነው፣ እንግዳውም እስከዚያ ይወርዳል አለችኝ። እውነት ነው? ራሱን ወደኋላ ጥሎ ሲጮኽ ሰምተኸው ታውቃለህ? ሰምተህ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም? ወይስ የሐይቃችን ድምፅ እዚያ ድረስ ሲከተልህ አስለቅሶህ ነው? ይህን በእሑዱ ስልክ አትመልስልኝ፤ ለብቻዬ ድምፅ ላክልኝ። ኢየሩስ እንዳታስጮኸው ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማዋለሁ።

ኢሳያስ ሰላም ብሎሃል፤ የላክህለት ሸሚዝ ጠቦታል፣ እኔ ግን ሰፋ አድርጌለታለሁ። ኢየሩስ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ «አጎቴ ለፈተናዬ ይጸልይልኝ» ትላለች። አቡበከር «ተመልሶ ሲመጣ የመቅዘፊያ ውድድር አለብን» ብሏል፤ ቦርጩን ግን አልነገርኩህም። ኖላዊት ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ለእንግዳው ጠበቃ የቆመች እሷ ናትና ምስጋና አለብህ። አንተም ሄራንን ግንባሯን ሳምልኝ። ጸዳለን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን፣ አንዱን ስለ እኔ፣ አንዱን ስለ ሴት አያቷ። አብረውህ በኅብረት የሚጸልዩትን ያገራችንን ልጆች ሁሉ በየስማቸው ሰላም በልልኝ።

አባባ ሰላምታቸውን በወረቀት አልልክም ብለዋል፤ ለእሑድ አስቀምጠውታል። ይህን የሚከተለውን ደግሞ እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፤ ማንበብ ስለማይችሉ ግን ጽፌዋለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ በየማለዳው ከጓሮ እርጥብ ሳር ቆርጠሽ አምጪ ይሉኛል። እሑድ ገና ሩቅ ነው ብላቸው «እጄ ይልመደው» አሉኝ። ሳሩን የሚይዘው እሱ አይደል ወይ ብላቸው ደግሞ «ያን የሞያሌውን የስልክ ቃል ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ብቻውን አይንበረከክም» አሉኝ። ራስጌያቸው በጣሳ ውሃ ውስጥ አስቀምጬላቸዋለሁ። ከሰዓት ላይ ይጠወልጋል፤ ዳስሰው ያውቁታል፣ እኔም እቀይረዋለሁ። እሑድ እስክትመጣ እየቀየርኩ ነው፤ እንዳትቀር።

እህትህ ወርቂቱ ደበሌ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.